የአራት ዩሮ ወይን ከገብስ እንጀራ ጋር

አዲስ አበባ ውስጥ ከውጭ የመጣ ወይን በስጦታ የደረሰው ቤተሰብ ጠርሙሱን አይከፍተውም። ቡፌ ላይ፣ ከሠርጉ ፎቶ አጠገብ ያቆመዋል። አቧራው በየሳምንቱ ይወለወላል፤ ልጆች እንዳይነኩት ይነገራቸዋል፤ ለልጅቷ ምርቃት ይሆናል ይባላል፤ ምርቃቱ ያልፍና ለሠርጓ ይባላል። በመጨረሻ ሲከፈት ነጩ ጠይሟል፤ የቀዩም ቡሽ ደርቆ አየር አስገብቶ ወይኑ ወደ ኮምጣጤ ሄዷል። እንግዳው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ይጎነጭና «የፈረንጅ ወይን እኮ እንዲህ ነው፣ ይጎመዝዛል» ብሎ ወደ ቢራው ይመለሳል። ጥፋቱ የወይኑ አይደለም። በዓለም ላይ ከሚጠመቀው ወይን አብዛኛው በዓመት በሁለት ዓመት ውስጥ፣ ከምግብ ጋር እንዲጠጣ ታስቦ የሚሠራ ነው። ዕድሜ የሚያሳምራቸው ጥቂቶች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ወደ እኛ ቡፌ አይመጡም።

ይህን የሚያውቅ አንድ አብሮ አደግ አለኝ፤ ኑሮው ፍራንክፈርት ነው። ወይን የለመደው ሬስቶራንት ገብቶ፣ ብርጭቆ እያሽከረከረ አይደለም። ማታ ከሥራ ሲመለስ ከሰፈሩ ሱፐርማርኬት አራት ወይም አምስት ዩሮ የሚያወጣ ጠርሙስ ይዞ ይገባና፣ ባለቤቱ ከሠራችው ምስር ወጥ ጋር ይጠጣዋል። የትኛው ከበርበሬ ጋር እንደሚስማማ፣ የትኛው እንደሚጣላ በምላሱ ያውቀዋል። ከኮሮና በፊት በነበረ አንድ ጥር፣ ጥምቀትን ጎንደር ሊያከብር ሲመጣ፣ ሻንጣው ውስጥ አራት ጠርሙስ ነበረው። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ዓይኑን ቢጥልበትም አንዱንም አልሰጠም። «ቡፌ ላይ ሊያቆሙብኝ ነው» አለኝ። «ራስ ደጀን ሥር፣ ከአገሬው ወጥ ጋር ነው የምንጠጣው።»

አራቱ እነዚህ ነበሩ። ከሞዘል ሸለቆ ነጭ ሪዝሊንግ፤ ከሰሜን ፖርቱጋል ነጭ ቪኞ ቬርዴ፤ ከኢጣሊያ ኤሚሊያ አረፋ ያለው ቀይ ላምብሩስኮ፤ ከስፔን ላ ማንቻ ቀይ ቴምፕራኒዮ። አንዱም ከአምስት ዩሮ አይበልጥም። እኔ በበኩሌ ጎንደር ፒያሳ ላይ ከዝዋይ የመጣ ሪፍት ቫሊ ሜርሎ ገዝቼ ጨመርኩበት። ምክንያቱን ኋላ እናገራለሁ።

ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ በኮሶዬ፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ወደ ደጋው ይወጣል። በመኪናው መስኮት ጤፉ እየሳሳ፣ ገብሱና ባቄላው እየበዛ ሲሄድ ይታያል። ለእኛ ጉዳይ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ወጡን የሚሸከመው እንጀራ ከተለወጠ ወይኑም ፈተናው ይለወጣል። የገብስ እንጀራ ከጤፉ ይወፍራል፣ ቶሎ ያጠግባል፣ ኮምጣጣነቱም በሌላ በኩል ይመጣል።

ደባርቅ የስሜን ተራሮች ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለበት ከተማ ነው። ወደ ስሜን ተራሮች የሚሄድ ሁሉ እዚያ ይመዘገባል፤ አስጎብኚ፣ ጠመንጃ ያነገተ ስካውት፣ ምግብ አብሳይ፣ በቅሎና ነጂ ከዚያ ይዞ ይወጣል። ምሳ የበላንበት ቤት ፓስታ በሥጋ ስጎ አቀረበልን። በወረራው ዘመን፣ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ ጣሊያኖች የሊማሊሞን ገደል ቆርጠው መንገድ ሲያወጡ ፓስታቸውንና ፉርኗቸውን ትተውልን ሄደዋል። ከምግብ ጋር ወይን የመጠጣት ልማዳቸው ግን ደባርቅ ላይ ሥር አልሰደደም። ጓደኛዬ ይህ ያናድደዋል፤ ፓስታውን በአምቦ ውሃ እያወራረደ ይማረራል። እኔ አልፈረድኩባቸውም። አውሮፓ ራሷ እንዲህ ናት። ወይን በሚበቅልበት ደቡብ ወይን ይጠጣሉ፤ ወይን በማይሆንበትና ገብስ በሚሆንበት ሰሜን ቢራ ይጠጣሉ። ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች የገብስ አገር ናት፤ ከእሷ ወይን መጠበቅ ከቤልጂግ ወይን እንደመጠበቅ ነው።

የበቅሎው ነጂ ጠርሙሶቹን ሲያይ ፊቱን አጨማደደ። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር የቧሂትን ቁልቁለት አንድም አይተርፍ» አለኝ። ጀሪካን ይወዳል፤ ጆንያ ይወዳል፤ ጠርሙስ ግን የሌላው ዕቃ ጠላት ነው። መፍትሔውን ያመጣው ራሱ ነው። የገብስ ጭድ ጠየቀ፣ እያንዳንዱን ጠርሙስ በጭድ ጠቅልሎ በገመድ አሰረና ከዱቄቱ ጆንያ መሐል ቀበረው። ጓደኛዬ ደስ አለው። የቶስካናው ኪያንቲ በድሮ ጊዜ ሆዱ በሣር ተጠልፎ የሚሸጠው መንገድ ላይ እንዳይሰበር ነበርና።

ስለ ሳንቃ በርና ስለ ጨነቅ፣ ስለ ጭላዳውና ስለ ዋልያው ብዙ ተጽፏል፤ አልደግመውም። ጅብራው እንደ ቆመ ነው፤ ነፋሱም እንደሚነፍስ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ከተራራው ወዲያ ማዶ፣ በጃናሞራ በኩል፣ አፄ ቴዎድሮስ በ1855 (እ.ኤ.አ.) የነገሡባት ደረስጌ ማርያም አለች። ያሠሯት የስሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ናቸው፤ በሥራውም ጀርመናዊው የዕፅዋት አጥኚ ሺምፐር ረድቷቸዋል። ሺምፐር ከ1837 ጀምሮ አርባ ዓመት ያህል በዚህ አገር የኖረ ሰው ነው። ጓደኛዬ ከጀርመን ይዞት ስለመጣው ሪዝሊንግ አብዝቶ ሲኩራራ ይህን አነሳሁበት፦ ጀርመኖች ስሜን ከገቡ ቆይተዋል፤ ያገሩን ጠላ ጠጥተው ነው የኖሩት።

አምቢኮ ከቧሂት ወዲያ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ካለው ማለፊያ ጉልበት የሚያንቀጠቅጥ ቁልቁለት ወደ መሸሃ ወንዝ ይወረዳል፤ ወንዙ ይሻገራል፤ ከዚያ ትንሽ ወጣ ሲሉ ነው መንደሩ። ከፍታው 3,200 ሜትር ገደማ ነው። ራስ ደጀንን የሚወጣ ሰው የሚያድርበት ቦታ ስለሆነ ድንኳን መትከያ አለው። አብዛኛው እንግዳ እዚያው ድንኳኑ ውስጥ ሾርባውን ጠጥቶ ይተኛና ሌሊት ተነሥቶ ይወጣል። እኛ ግን የበቅሎው ነጂ እናት ቤት እዚያው መንደር ስለነበር ወደ እሳቸው ሄድን። ማክሰኞ ነበር። በግ ገዝተናል፤ በርበሬና ሽንኩርት ከደባርቅ ገበያ ተጭኖ መጥቷል። እመይቴ ግማሹን ቀይ ወጥ፣ ግማሹን አልጫ ሊያደርጉት ተስማማን።

ወጡ እስኪደርስ የጠበቅነው ጊዜ ረጅም ነበር። ምክንያቱን ጓደኛዬ በስልኩ አስልቶ ነገረን፤ እመይቴ ግን ከእሱ በፊት ያውቁታል። ባሕር ዳርቻ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ አምቢኮ ላይ በ89 ገደማ ይፈላል። ድስቱ እየተንፈቀፈቀ ሥጋው ገና ጥሬ ነው፤ ባቄላማ ከነጭራሹ እሺ አይልም። ስለዚህ የዚህ አገር ወጥ ቶሎ ቶሎ የሚሠራ ወጥ አይደለም። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ተቁላልቶ ተቁላልቶ እስኪጣፍጥ ይቆያል፤ ሥጋው ከአጥንቱ እስኪላቀቅ ይቆያል። ቆይቶ የሚወጣው ወጥ ወፍራም፣ ጣፋጭና የሚያቃጥል ነው። ይህን መቋቋም የማይችል ወይን ዘጠኝ ዩሮም ቢያወጣ ዋጋ የለውም።

ጓደኛዬ መክፈቻውን ሲያወጣ እመይቴ ገሠጹት። «ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ የቤቴን ቅመሱ። አፈር ስሆን!» ጠላው በጣሳ መጣ። የገብስ ብቅል፣ ጌሾና ጠቆር እስኪል የተቆላ እህል ነው የተጠመቀበት፤ ጭሱ ይሸታል፣ ጌሾው በመጨረሻ መረር ይላል። አልኮሉ ዝቅ ያለ ነው። እመይቴ የሚጠምቁት ለመስከር ሳይሆን የወፈረውን እንጀራ ለማውረድ ነው፤ ለሕፃናቱ ደግሞ የቀጠነው ቅራሪ ይቀዳላቸዋል። አንዳንድ የከተማ ሰው ይህን ሲያይ ይደነግጣል። ፈረንሳይ ውስጥ ግን ከአሥራ አራት ዓመት በታች ላሉ ተማሪዎች በትምህርት ቤት ምሳ ላይ ወይን እንዳይሰጥ የተከለከለው በ1956 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ እስከዚያ ድረስ ከሾርባው ጋር ይቀዳላቸው ነበር። በ1960ዎቹ አንድ ፈረንሳዊ በዓመት በአማካይ ከ100 ሊትር በላይ ወይን ይጠጣ ነበር፤ ዛሬ ከዚያ ግማሹን እንኳ አይደርስም። ያ ሁሉ ሊትር ሊቃውንት የሚጽፉለት ወይን አልነበረም። ስም የሌለው፣ ቀለል ያለ፣ በገበታው ላይ ከዳቦው ጋር የሚቆም ወይን ነበር። የእመይቴን ጠላ ስጠጣ የታየኝ ይኸው ነው፦ አራት ዩሮው ወይን በአገሩ የሚሠራውን ሥራ አምቢኮ ላይ ጠላው ሲሠራው ኖሯል። እኛ ይዘን የመጣነው ምትክ ሳይሆን እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ጠባዩ የሚታወቀው ገበታ ላይ ነው።

መጀመሪያ የተከፈተው ቴምፕራኒዮው ነበር። ላ ማንቻ ከዓለም ትላልቅ የወይን ማሳዎች አንዱ ነው፤ ርካሽ ቀይ ከዚያ እንደ ውሃ ይወርዳል። ጠርሙሱ ሌሊቱን በቅዝቃዜ ስላደረ ወይኑ ፍም አጠገብ ለብ ተደርጎ ነው የቀረበው፤ ቀዝቃዛ ቀይ ወይን አፍ ውስጥ ይጨማደዳል። በቡና ስኒ ተቀዳ፤ ከሰዉ ብዛት ሌላ አማራጭ አልነበረም፤ ደግሞም ስኒ ለቅምሻ መጥፎ ዕቃ አይደለም። ከቀይ ወጡ ጋር ያልተሳካለት መሆኑ ወዲያው ታወቀ። በቀይ ወይን ውስጥ ታኒን አለ፤ ብዙ የቆየ ጥቁር ሻይ ምላስን የሚያደርቀው ዓይነት ነገር ነው። አልኮሉም 13 በመቶ ገደማ ነው። በርበሬ ያቃጠለው ምላስ ላይ ታኒን ሲያርፍ ይሻክራል፤ አልኮል ሲያርፍ እሳቱ ይብሳል። እመይቴ አንዴ ተጎንጭተው ስኒውን አስቀመጡና «በርበሬዬን ሰደበብኝ» አሉ። ከአልጫው ጋር ግን ያው ወይን ሌላ ሰው ሆነ። የበጉ ስብ ታኒኑን ያዘው፣ ጨው መራራነቱን አለዘበው፣ እርዱም አልተጣላውም። ውድ ቀይ ወይኖች ከዶሮ ወጥ ጋር የሚዋረዱት በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ዋጋቸውን የጨመረው በርሜሉና ታኒኑ ነው፤ በርበሬ የማይወደውም እነሱኑ ነው።

ላምብሩስኮው ሲከፈት አረፋው እስከ ጣሪያው ሊደርስ ምንም አልቀረውም፤ ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። አምቢኮ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ የታፈነው ጋዝ ወደ ውጭ ሲወጣ የሚገፋው ነገር ያጣል። ኤሚሊያ ውስጥ ይህን ወይን የሚጠጡት ስብ ከሚበዛበት የአሳማ ሥጋ ጋር ነው፤ አረፋውና ኮምጣጣነቱ ስቡን ከምላስ ላይ ያጥበዋል። በግም ስብ አለው፤ ላምብሩስኮም ሥራውን ያውቃል። ወጣቶቹ የወደዱት ይህንን ነው። ቀዝቃዛ ስለነበር፣ ጣፋጭ ስለነበር፣ ጋዝ ስለነበረው። ስለ ቀለሙ ደግሞ ብዙ ተባለ።

ሪዝሊንጉ ሊከፈት ሲል የመንደሩ ቄስ እንግዳ መምጣቱን ሰምተው ገቡ። ቦታ ተለቀቀላቸው፣ መስቀል ተሳለምን፣ ጠላ ተቀዳላቸው። ጠርሙሶቹን አይተው ፈገግ አሉ። «ወይን እኛ ዘንድ ከመቅደስ አይወጣም» አሉ፤ «እናንተ ደግሞ በወጥ ታወራርዱታላችሁ።» ትክክል ናቸው። ወይን በማይበቅልበት በዚህ ተራራ ላይ እንኳ ቤተ ክርስቲያን ያለ ወይን ውላ አታውቅም፤ ዘቢብ ከገበያ ይመጣል፣ በቤተልሔሙ ውስጥ በውሃ ይዘፈዘፋል፣ ይጨመቃል፣ ለቅዳሴ ይደርሳል። በ1520 (እ.ኤ.አ.) ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄሱ አልቫሬዝም ይህንኑ ጽፏል፤ በገሃድ የወይን ጠጅ የሚጠመቀውም በንጉሡና በጳጳሱ ቤት ብቻ መሆኑን መዝግቧል። አባ ግን ነገሩን በዚህ አላቆሙትም። ቃና ዘገሊላ ገና በቅርብ ነበር ያለፈው፤ ሠርገኛው ቤት መልካሙ ወይን ኋላ መጣ ተብሎ የተደነቀውን አስታወሱንና «እናንተስ የትኛውን ነው ያስቀደማችሁት?» ብለው ጠየቁ። ጓደኛዬ የሚመልሰው አጥቶ ሪዝሊንጉን ቀዳላቸው።

ያ ወይን የምሽቱ ባለቤት ሆነ። አልኮሉ 9 በመቶ አካባቢ ነው፤ ታኒን የለውም ማለት ይቻላል፤ ትንሽ ስኳር ቀርቶበታል፤ ኮምጣጣነቱ ግን ስለት አለው። ስኳሩ የበርበሬውን እሳት ያበርደዋል፤ አልኮሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ እሳት አይጨምርም፤ ኮምጣጣነቱ ደግሞ ከገብሱ እንጀራ ጋር ይተካከላል። የመጨረሻው ነጥብ እኛ አገር ላይ ወሳኝ ነው። እንጀራ የቦካ ነገር ነው። ከምግቡ ያነሰ ኮምጣጣነት ያለው ወይን እንጀራ ላይ ሲቀርብ ለዛውን ያጣል፤ የሞቀ የወይን ጭማቂ ይመስላል። የሞዘል ሰዎች ከቀዝቃዛ ሸለቆአቸው፣ ከዳገታማ የድንጋይ ማሳቸው የሚያወጡት ወይን በጠባዩ ለእኛ እንጀራ የተሠራ ይመስላል። ለቀይ ወጥ ርካሽ የአውሮፓ ወይን ለሚጠይቀኝ ሰው ከዚህ ሌላ መልስ የለኝም። አባ ስኒአቸውን ጨርሰው «ይሄ ሰው አያሳፍርም» አሉ። ሁለተኛ ሲቀዳላቸው በእጃቸው ከለከሉ።

በማግስቱ ረቡዕ ነበር፤ ጾም። ሌሊት ተነሥተን ራስ ደጀንን ወጥተን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ተመለስን። ጫፉ ላይ ድንጋይና ነፋስ ነው ያለው፤ ከዚያ የሚታየው ግን መውጣቱን ያካክሳል። ማታ የባቄላ ሽሮ፣ ድንች ወጥና ተልባ ቀረበ። ለዚህ የተቀመጠው ቪኞ ቬርዴው ነበር። ከፖርቱጋል ዝናባማው ሰሜን የሚመጣ፣ በወጣትነቱ የሚጠጣ፣ ምላስ ላይ ትንሽ የሚነዝር ቀላል ነጭ ወይን ነው። እሱን ማቀዝቀዝ አላስፈለገም፤ የአምቢኮ ሌሊት አቀዝቅዞታል። ሽሮው ወፍራም፣ ዘይቱ በርከት ያለ ነበር። ወይኑ መሐል እየገባ አፉን ያጥብና ለሚቀጥለው ጉርሻ ያዘጋጃል። እኔ ከአራቱ ሁሉ አብልጬ የወደድኩት ይህን ነው። እመይቴ አልተስማሙም። «ሎሚ ነው» አሉ፣ ከዚያም ወደ ጠላቸው ተመለሱ።

ዋጋውን የጠየቁኝ ያን ማታ ነው። አራት ዩሮ በጊዜው ምንዛሪ 130 ብር ገደማ ነበር። ነገርኳቸው። አዲስ አበባ ላይ ግን በጉምሩኩ፣ በኤክሳይዙ፣ በተጨማሪ እሴት ታክሱና በመሐሉ ባለው ነጋዴ ምክንያት ያው ወይን ብዙ እጥፍ እንደሚሸጥም ነገርኳቸው። እመይቴ ትንሽ አሰቡና ገብሱን በልባቸው ሰፈሩት መሰለኝ፤ «በዚህማ ጋን ሙሉ እጠምቅ ነበር» አሉ። ክርክር የለውም። ፍራንክፈርት ርካሽ የሚባለው ወይን ርካሽ የሆነው ማሳው ቅርብ፣ መንገዱ አጭር፣ ቀረጡ ትንሽ ስለሆነ ነው። ርካሽነቱን ይዞ አይጓዝም። ባዶ ጠርሙሶቹ ግን ቤቱ ውስጥ ከወይኑ የበለጠ ደስታ ፈጠሩ። የሪዝሊንጉን ረጅም ጠርሙስ እመይቴ ለኑግ ዘይት ያዙት፤ ወፍራሙን የላምብሩስኮ ጠርሙስ ጎረቤት ለአረቄ ወሰደው። መንገድ ላይ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ የውሃ ፕላስቲክ የሚጠይቁ ልጆች ብርጭቆውን ጠርሙስ ሲያዩ ዋጋውን ከማናችንም በላይ ገመቱት።

ሜርሎውን የከፈትነው ስንመለስ ጨነቅ ካምፕ ላይ ነው፤ አብሳያችን ከሠራው ፓስታ ጋር። የገዛሁት በነገር ነበር። ጓደኛዬ «የአውሮፓ ወይን» ሲል ጠርሙሱ የተሞላበትን ቦታ ነው የሚያስበው። የዝዋዩ ወይን ግን ተክሉ ከፈረንሳይ የመጣ ነው፤ ያስተከለውም እ.ኤ.አ. በ1949 ቦርዶ ላይ የተመሠረተው ካስቴል ነው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራን በ1998 የገዛው ድርጅት። 1,600 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከመቶ ሄክታር በላይ ማሳ፤ የመጀመሪያው ጠርሙስ ገበያ የወጣው በ2014 ነው። ቦርዶ ውስጥ የወይን ማሳ የሚጠበቀው ከውርጭና ከሻጋታ ነው። ዝዋይ ላይ ጉማሬና ዘንዶ እንዳይገባ ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮለታል! ክረምቱ ስለማይበርድም ተክሉ እንደ አውሮፓው አይተኛም፤ የሚያስተኛውና የሚቀሰቅሰው የአትክልተኛው መቀስ ነው። ወይኑ ታኒኑ ለስላሳ፣ ፍሬው ግልጽ ነው፤ ከቲማቲም ስጎ ጋር ጥሩ ሄደ። ጓደኛዬ ጥቂት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ «ለዋጋው ጥሩ ነው» አለ። ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ኮሮና መጣ፣ እንግዳ ጠፋ። በ2021 (እ.ኤ.አ.) ጦርነቱ እስከ ዳባትና ደባርቅ ደጃፍ ደረሰ፤ ዳባት አጠገብ ያለችው ጭና ብዙ ልጆቿን ቀበረች። ከ2023 ወዲህ ደግሞ በክልሉ እንደገና ተኩስ ተነሣ። በእንግዳ ይኖሩ የነበሩ በቅሎ ነጂዎች፣ አብሳዮችና ስካውቶች ወደ ገብሳቸው ተመልሰዋል። በወይኑም በኩል መንግሥት በጥቅምት 2022 (እ.ኤ.አ.) የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ከከለከላቸው 38 ዓይነት ዕቃዎች መካከል የአልኮል መጠጥ ነበረበት። በሐምሌ 2024 ክልከላው ሲነሣ ብሩ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ዛሬ አራት ዩሮ ራሱ፣ ቀረጡ ሳይታሰብ፣ ከ500 ብር በላይ ነው። ስለዚህ እዚህ ለሚኖር ሰው «ርካሽ የአውሮፓ ወይን» ማለት አሁን ወይ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ያለው ነው፣ ወይ የዝዋዩ ነው።

ከጓደኛዬ ጋር በስልክ የማያልቅ ክርክራችን ግን አሁንም የዶሮ ወጥ ነው። እሱ ላምብሩስኮ ይላል፤ ቅቤው ስለሚበዛ አረፋ ያስፈልገዋል ባይ ነው። እኔ የሚያሳስበኝ ቅቤው አይደለም፤ ሽንኩርቱ ነው። ለአንድ ዶሮ ያን ያህል ሽንኩርት ተቁላልቶ ሲያልቅ ወጡ ከበርበሬው ሥር ጣፋጭ ነው፤ ከጣፋጭ ምግብ ጋር ፈጽሞ ስኳር የሌለው ወይን ቀጥኖና መርሮ ይቀራል። ስለዚህ ሪዝሊንግ እላለሁ፣ ያውም ትንሽ ጣፈጥ ያለው። ሁለቱም ካልተገኘ ከየግሮሰሪው አክሱማይት ገዝቶ፣ ሰው እንደለመደው ክፍል ውስጥ ሳያሞቁ፣ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል አቆይቶ ማቅረብ ነው። ወይን አዋቂዎቹ ቀይና ጣፋጭ ወይን ቀዝቅዞ ሲቀርብ ይስቃሉ። ከዶሮ ወጥ ጋር ግን ከብዙ ውድ ቦርዶ ይበልጣል፤ ቡፌ ላይ ለማቆምም የሚያምር ጠርሙስ ስላልሆነ እዚያው ይጠጣል።